የሚሞት ዛፍ ያፈራው ፍሬ፦ በአንድ የአቮካዶ ማዳበሪያ ሙከራ ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሳሳን

ይህ ጽሑፍ ውጤቱ በተሳሳተ መንገድ ስለተነበበ አንድ የአቮካዶ ሙከራ ነው። ሙከራው የተጀመረው ለአቮካዶ ምን ያህል ናይትሮጅን ቢሰጥ የተሻለ ምርት እንደሚገኝ ለማወቅ ነበር። በአንደኛው ዓመት ከፍተኛውን የማዳበሪያ መጠን ያገኙት ዛፎች ከሁሉም የበለጠ ፍሬ ያዙ፤ እኛም ውጤቱን በደስታ መዘገብነው። በተከታዩ ዓመት ግን እነዚያው ዛፎች ቅጠላቸውን ማራገፍ፣ ጫፋቸውም መድረቅ ጀመረ። የፍሬው ብዛት የማዳበሪያ ውጤት እንዳልነበረና ሥራቸው እየበሰበሰ የነበሩ ዛፎች ከመዳከማቸው በፊት የሰጡት ምርት እንደነበረ የተረዳነው ከብዙ ድካም በኋላ ነው።

እኔ በወቅቱ በሙከራው መረጃ ከሚሰበስቡት አንዱ ነበርኩ። የቦታውንም ሆነ የሰዎቹን ስም የማልጠቅሰው ስሕተቱ የአንድ ሰው ስላልነበረ ነው፤ ሁላችንም አይተን ያለፍነው ነገር ነው።

የሙከራው ዳራ

ማሳው 8 ረድፎች የነበሩት ሲሆን በእያንዳንዱ ረድፍ 12 የሃስ ዝርያ ዛፎች ተተክለው ነበር። ሃስ በዓለም ገበያ በስፋት የሚሸጠው፣ ሲበስል ልጣጩ የሚጠቁረው አቮካዶ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩዶልፍ ሃስ የተባለ ደብዳቤ አመላላሽ ከዘር ካበቀለው አንድ ዛፍ የተገኘ ሲሆን፣ የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። እኛ የተከልናቸው ችግኞች ሃስ የተዳቀለባቸው ቢሆኑም ከሥር ያለው ተሸካሚ ግንድ፣ ማለትም ሩትስቶኩ፣ ከተለያዩ ዛፎች ከተሰበሰበ ዘር የበቀለ ነበር። ስለዚህ ከላይ 96 አንድ ዓይነት ዛፎች ቢታዩም ከመሬት በታች የነበሩት 96 የተለያዩ ሥሮች ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በውጤቱ ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ግን ቁጭ ብለን አላሰብንበትም።

መሬቱ ቀለል ያለ ተዳፋት ነበረው። ላይኛው ክፍል ውሃን በቀላሉ የሚያሳልፍ ቀላል አፈር ሲሆን፣ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የላይኛው አፈር ይሳሳና ከሥሩ ጠጣር የሸክላ ንጣፍ ይቀርባል። ናይትሮጅኑ በአራት ደረጃ የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ደረጃ ለሁለት ተከታታይ ረድፎች ተሰጠ። ማዳበሪያው ከጠብታ መስኖው ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሰጥ ቧንቧውን በረድፍ መከፋፈሉ ለሥራ ይመች ነበር። ዝቅተኛው መጠን ከላይ፣ ከፍተኛው ከታች ሆነ። ማንም ይህን ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ቁጥሮቹ ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ስለተጻፉ ብቻ እንደዚያ ሆነ።

ችግሩ እንዴት ተከሠተ

በመጀመሪያው ሙሉ የምርት ዓመት የታችኞቹ ረድፎች በጣም አበቡ፣ ብዙ ፍሬም ያዙ። የአቮካዶ ዛፍ ከሚያወጣው አበባ ወደ ፍሬ የሚደርሰው በአብዛኛው ከሺህ አንድ እንኳ ስለማይሞላ፣ በፍሬ ብዛት ላይ ግልጽ ልዩነት ማየት ተመራማሪን ያጓጓል። እኛ ደግሞ የቆጠርነው የፍሬውን ብዛት ነበር። ክብደቱ የተመዘነው ከጥቂት ዛፎች በተወሰደ ናሙና ሲሆን፣ በታችኞቹ ረድፎች ፍሬው አነስ ማለቱን በማስታወሻ ደብተር ላይ አስፍረን «ብዙ ስለያዘ ነው» ብለን አለፍነው። ያ ማስታወሻ አሁንም አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያሳፍረኛል።

በተከታዩ ዓመት የታችኞቹ ሁለት ረድፎች ቅጠል አነሰ፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆነ። አንዳንዶቹ ዛፎች በቀን ውሃ እንደጠማው ተክል ይጠወልጉ ጀመር። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የቅርንጫፍ መድረቅ ተከተለ፤ ቅጠል በመሳሳቱም ፍሬዎቹ በቀጥታ ለፀሐይ ተጋልጠው ተቃጠሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች

የመጀመሪያው ግምት የማዳበሪያ ብዛት ጉዳት አስከትሏል የሚል ነበር። አቮካዶ ለጨው፣ በተለይም ለክሎራይድ ስሱ ተክል ስለሆነ ግምቱ መሠረት ነበረው። ሆኖም የክሎራይድ ጉዳት ራሱን የሚገልጸው በአብዛኛው ከቅጠሉ ጫፍ በሚጀምር ቡናማ ቃጠሎ ነው፤ የእኛ ቅጠሎች ግን ጫፋቸው ሳይቃጠል በጠቅላላ የገረጡ ነበሩ።

ሁለተኛው ግምት ከመጀመሪያው ፍጹም ተቃራኒ ነበር። የቅጠል ምርመራ ሲደረግ ከፍተኛ ናይትሮጅን በተሰጣቸው ዛፎች ቅጠል ውስጥ የተገኘው ናይትሮጅን ከላይኞቹ ያነሰ ሆነ። ከዚህ በመነሣት መስኖው ማዳበሪያውን አጥቦ ወደ ታች አስርጎታል ብለን ደመደምንና ተጨማሪ ናይትሮጅን ሰጠን፤ ዛፎቹ ስለሚጠወልጉም የመስኖውን ሰዓት አስረዘምን። የታመመ ሥር ባለው ዛፍ ላይ ሊደረጉ ከሚችሉ ነገሮች ሁሉ የከፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመጠውለጉ ምልክት ከሁለቱ ረድፎች አልፎ ወደ ስድስተኛው ረድፍ ወጣ።

ነገሩን ወደ ትክክለኛው መንገድ የመለሰው ምንም ዓይነት የላቦራቶሪ ውጤት አልነበረም። ቧንቧ የሚጠግን አንድ አንጋፋ የመስክ ሠራተኛ፣ ከሚጠወልጉት ዛፎች ሥር ያለው አፈር መስኖ በተዘጋበት ሳምንት እንኳ እንደረጠበ መሆኑን፣ ጤናማ በሆኑት ሥር ግን ቶሎ እንደሚደርቅ ተናገረ። ዛፎቹ ተጠምተው ሳይሆን መጠጣት ተስኗቸው ነው ማለቱ ነበር። ቅጠሉ የጠወለገ ዛፍ በረጠበ አፈር ላይ ከቆመ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ሥሩ መሆኑን መጽሐፍ ላይ አንብበነዋል፤ አፈሩን በእጁ የነካው ግን እሱ ነበር።

ምርመራው

በዛፎቹ የቅርንጫፍ ጠርዝ ሥር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስንቆፍር መልሱ ወዲያው ታየ። አብዛኞቹ የአቮካዶ መጋቢ ሥሮች በላይኛው የአፈር ክፍል ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ ጤናማ ሲሆኑ ነጭና እርጥብ ሆነው ይታያሉ። በላይኞቹ ረድፎች እንዲህ ያሉ ሥሮች ከወደቀው ቅጠል ሥር ጭምር ተሠራጭተው ነበር። በታችኞቹ ረድፎች የተገኙት ጥቂት ሥሮች ግን ጥቁርና ሲነኩ የሚሰበሩ ነበሩ።

ምልክቶቹ ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የተባለውን በሽታ አምጪ ያመለክቱ ነበር። ይህ ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1922 በሱማትራ ከቀረፋ ዛፍ ተገኝቶ የተገለጸ ሲሆን ስሙንም ያገኘው ከዚያው ነው። ከፈንገስ ጋር ቢመሳሰልም ከእውነተኛ ፈንገሶች ወገን አይደለም። አፈሩ ውሃ ሲጠግብ በሁለት ጅራት መሰል ክሮች የሚዋኙ ስፖሮችን፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ የመራቢያ ህዋሳትን ይለቃል፤ እነዚህም ከመጋቢ ሥሮች ጫፍ በሚወጣው ንጥረ ነገር ተስበው ይጣበቃሉ። አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ግድግዳቸው የወፈረ ስፖሮች ይሆንና ለዓመታት ይቆያል። አንዴ ከገባ ከማሳ ማጥፋት አይቻልም ለማለት የሚያስደፍረው ይኸው ጠባዩ ነው። የሃስ ዝርያ እናት የሆነችው የካሊፎርኒያዋ ዛፍ ራሷ ከዚሁ የሥር መበስበስ ጋር ለዓመታት ስትታገል ኖራ እ.ኤ.አ. በ2002 ሞታለች።

የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ናሙና ግን «አልተገኘም» የሚል መልስ አመጣ። ምክንያቱን የነገረን የዕፅዋት በሽታ ባለሙያው ነው፤ የላክንለት ሙሉ በሙሉ የጠቆሩና የሞቱ ሥሮችን ነበር፤ በእነዚህ ላይ በሽታ አምጪው ቦታውን ለሌሎች አበስባሽ ተሕዋስያን ለቋል። ናሙናው መወሰድ የነበረበት ከነጭ ወደ ቡናማ በመለወጥ ላይ ካሉ ሥሮችና ከዙሪያቸው አፈር ነው። በሁለተኛው ጊዜ ይህን አደረግን። አፈሩ በውሃ ተሸፍኖ የግብጦ ዘመድ የሆነ የሉፒን ቡቃያ ሥሩ ውሃውን እንዲነካ ተደርጎ ተቀመጠ፤ ዋናተኞቹ ስፖሮች ወደ ቡቃያው ሥር ሄደው ስላቆሰሉት ከቁስሉ በተመረጠ ማሳደጊያ ላይ በሽታ አምጪውን መለየት ተቻለ። ውጤቱ አዎንታዊ ሆነ። የመጀመሪያውን መልስ አምነን ቢሆን ኖሮ ወደ ማዳበሪያው ክርክር እንመለስ ነበር።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዛፍ ከ0 እስከ 10 ባለው የቅጠል ሽፋን መለኪያ ነጥብ ተሰጠው፤ 0 ጤናማ፣ 10 የሞተ ማለት ነው። ነጥቦቹ በማሳው ካርታ ላይ ሲሰፍሩ በሽታው የማዳበሪያ ደረጃዎችን ወሰን ተከትሎ አልሄደም። የሸክላው ንጣፍ የሚቀርብበትን ስፍራ ተከትሎ በምላስ ቅርጽ ወደ ላይ ገብቷል፤ በስምንተኛው ረድፍ ጫፍ አፈሩ ጥልቅ በሆነበት ጥግ የነበሩ ሦስት ዛፎች፣ ከፍተኛውን ናይትሮጅን እያገኙም ጤናማ ነበሩ። ያ ካርታ የማዳበሪያውን ክርክር ዘጋው።

የፍሬው ብዛት ምሥጢርም በዚሁ ተፈታ። ሥሩ እየተጎዳ ያለ አቮካዶ ከመዳከሙ በፊት ብዙ አብቦ ብዙና ትናንሽ ፍሬ መያዙ የታወቀ ነው። ውሃው ወደ ታች ስለሚሰበሰብ በሽታው የጀመረው እዚያ ነው፤ ከፍተኛው ናይትሮጅንም እዚያው ነበር። ሁለቱ በአንድ ቦታ ስለተገናኙ የአንዱ ሥራ ለሌላው ተቆጠረ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በቅድሚያ የናይትሮጅን ልዩነቱ ተቋርጦ ሁሉም ዛፎች መጠነኛ መጠን እንዲያገኙ ተደረገ። የሙከራው ኃላፊ ይህን መወሰን ከብዶት ነበር፤ የዓመታት ሥራ ነውና። ሁለተኛው እርምጃ ውሃ ነበር። ከማሳው በላይና በመካከሉ የጎርፍና የስርገት ውሃ የሚያወጡ ቦዮች ተቆፈሩ፤ የላይኞቹና የታችኞቹ ረድፎች የየራሳቸው የመስኖ መክፈቻ ተደረገላቸው፤ የአፈር እርጥበት ውጥረት መለኪያዎችም በሥሩ ጥልቀት ተተከሉ። ከዚያ በኋላ መስኖ የሚከፈተው በመለኪያው እንጂ በቅጠል መጠውለግ አልነበረም።

ሦስተኛው ጉዝጓዝና ካልሲየም ያለበት ማዕድን የሆነው ጂፕሰም ነው። ወፍራም የእንጨት ፍርፋሪ ከዛፉ ሥር እስከ ቅርንጫፉ ጠርዝ ተነጠፈ፤ ግንዱን እንዳይነካ ግን ተጠነቀቅን። የዚህ አሠራር ጥቅም እርጥበት መጠበቅ ብቻ አይደለም። የፋይቶፍቶራ ግድግዳ ሴሉሎስ ያለበት ስለሆነ እንጨትን የሚያበሰብሱ ፈንገሶች የሚያመነጩት ሴሉሎስ አፍራሽ ኢንዛይም እሱንም ይጎዳዋል። ከጂፕሰም የሚገኘው ካልሲየም ደግሞ የአፈሩን አወቃቀር ያሻሽላል፤ በሽታ አምጪው ስፖር የሚያመርትበትንም አቅም ይቀንሳል።

አራተኛው በግንድ ውስጥ የሚወጋው የፖታሲየም ፎስፎኔት መድኃኒት ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች የዳበረ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ከቅጠል ወደ ሥር ከሚወርደው ምግብ ጋር አብሮ መውረድ መቻሉ ልዩ ያደርገዋል። በሽታ አምጪውን በቀጥታ ከመግታቱም በላይ የተክሉን የራሱን መከላከያ ያነቃቃል። በመጨረሻም ነጥባቸው ከ8 በላይ የሆኑ ዛፎች ከነሥራቸው ተነቅለው በምትካቸው ዱሳ በተባለ፣ በሽታውን በመቋቋሙ በሚታወቅ ሩትስቶክ ላይ የተዳቀሉ ችግኞች ተተከሉ።

የሠራውና ያልሠራው

የመጀመሪያው ዙር የግንድ መውጋት አልሠራም ማለት ይቻላል። ስለቸኮልን የወጋናቸው ዛፎቹ አዲስ ቅጠል በሚያወጡበት ወቅት ነበር። በዚያን ጊዜ የዛፉ ምግብ የሚሄደው ወደ አዲሱ ቅጠል ነው፤ መድኃኒቱም አብሮ ወደዚያው ሄዶ ሥሩ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ሁለተኛው ዙር የተሰጠው አዲሱ ቅጠል ከጠነከረና ሥር ማደግ ከጀመረ በኋላ ሲሆን ለውጡ በተከታዩ የዕድገት ወቅት በግልጽ ታየ። አንዳንድ ዛፎች ደግሞ ቅጠላቸው ተቃጠለ። መጠኑ የሚሰላው በቅርንጫፎቹ ስፋት ነው፤ 20 በመቶ ከሆነው ፈሳሽ ለአንድ ሜትር ስፋት 15 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። እኛ ያሰላነው ቅጠል ያልረገፈ በሚመስል ስፋት ስለነበር ግማሽ ቅጠል ብቻ የቀረው ዛፍ የሙሉ ዛፍ መጠን ተቀበለ።

መካከለኛ ነጥብ የነበራቸው ዛፎች አገገሙ። ደርቀው የቀሩት ቅርንጫፎቻቸው ተቆርጠው፣ የተጋለጠው ግንዳቸው በፀሐይ እንዳይቃጠል ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቅጠላቸው ከሞላ ጎደል ያለቀው ግን አልተመለሱም፤ መድኃኒቱን የሚስበው ቅጠል ስለሆነ ቅጠል የሌለው ዛፍ የሚወጋበት ምክንያት የለም። እነዚህን ለማዳን የጠፋው ጊዜ ለመካከለኞቹ ቢውል ይሻል ነበር።

ጉዝጓዙም መጀመሪያ ላይ ተበላሽቶ ነበር። በቅርብ የተገኘውን የዶሮ ፍግ የተቀላቀለበት ደቃቅ ሣር ስላነጠፍን እርስ በርሱ ተጣብቆ አየር ከለከለ፤ ከፍጉ የወጣውም አሞኒያ ወደ ላይ ብቅ ያሉትን አዳዲስ ሥሮች አቃጠለ። ይህን አንስተን ከላይ በተጠቀሰው ወፍራም የእንጨት ፍርፋሪ ከተካነው ከወራት በኋላ ነጭ ሥሮች በጉዝጓዙና በአፈሩ መካከል ታዩ። በግሌ ከሁሉም እርምጃዎች ያመንኩት በዚህ ነው፤ ቁጥር ሳያስፈልገው በጣት ገለጥ አድርጎ ማየት ይቻላልና።

በአዲሶቹ ችግኞች ላይ ያገኘነው ውጤት ደግሞ የሩትስቶክን ወሰን አሳየን። በተነቀሉት ዛፎች ጉድጓድ ውስጥ በቀጥታ የተተከሉት ዱሳ ላይ የተዳቀሉ ቢሆኑም ተዳክመው ቀሩ። ከፍ ባለ የአፈር ጉብታ ላይ የተተከሉት ግን ጸኑ። መቋቋም ማለት በሽታው አይነካውም ማለት አይደለም፤ ሥር ከሚሞትበት ፍጥነት በላይ አዲስ ሥር ማብቀል መቻል ነው፤ ውሃ በተኛበት ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሥር ደግሞ አየር አጥቶ ይህን ማድረግ አይችልም።

ለሌላ ማሳ የሚተርፈው

የሙከራ አቀማመጥን በተመለከተ የሠራነው ስሕተት አዲስ አይደለም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በእንግሊዝ ሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ ማሳን አፈራቸው በሚመሳሰል ክፍሎች፣ ማለትም በብሎክ፣ መከፋፈልንና በየብሎኩ ውስጥ በዕጣ መደልደልን ያስተማረው የአፈር ልዩነት ውጤትን እንዳያዛባ ነው። እኛ ለእያንዳንዱ የናይትሮጅን ደረጃ 24 ዛፎች ነበሩን፤ ሁሉም በአንድ ቦታ ስለተሰበሰቡ ግን የነበረን አንድ ድግግሞሽ፣ ማለትም ራሱን የቻለ አንድ ሙከራ፣ ብቻ ነው። ዛፍ መቁጠር ድግግሞሽ መቁጠር አይደለም። በዓመታዊ ሰብል ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት አንድ ወቅት ያስከፍላል፤ በፍራፍሬ ዛፍ ላይ ግን የሚያስከፍለው ከአምስት ዓመት በላይ ስለሆነ፣ ችግኝ ከመተከሉ በፊት በማሳው ላይ በርካታ ጉድጓዶች ቆፍሮ የአፈሩን ጥልቀት በካርታ ማስፈር የሚባክን ጊዜ አይደለም።

የምርት መለኪያንም በሚመለከት፣ የፍሬ ብዛት ብቻውን ስለ ዛፍ ጤና ምንም አይናገርም። ብዛት፣ የእያንዳንዱ ፍሬ ክብደትና የቅጠል ሽፋን ነጥብ አንድ ላይ ተመዝግበው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት እንጠረጥር ነበር። ሃስ አንድ ዓመት በብዛት አፍርቶ በተከታዩ የማረፍ ጠባይ ስላለው፣ የአንድ ዓመት ምርት ይዞ ስለ ማዳበሪያ መደምደም በጤናማ ማሳም ቢሆን ትክክል አይሆንም።

የመስክ ሠራተኞች የሚያዩት ነገር ወደ መዝገብ የሚገባበት መንገድም አልነበረንም። አፈሩ ርጥብ መሆኑን የተናገረው ሠራተኛ ይህን ያስተዋለው ከወራት በፊት እንደነበር በኋላ ሰማን፤ የጠየቀው ስላልነበረ አልተናገረም። አሁን በመረጃ መሰብሰቢያው ቅጽ ላይ በየረድፉ የአፈር እርጥበት በእጅ ተነክቶ የሚሞላበት ዓምድ አለ።

የናይትሮጅኑ ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም። ሙከራው በላይኞቹ አራት ረድፎች እንደ አዲስ ተጀምሯል፤ ረድፎቹ ከተዳፋቱ ጋር በሚሄዱ ብሎኮች ተከፍለው፣ አራቱም ደረጃዎች በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ በዕጣ ተደልድለዋል። ቧንቧው ውስብስብ ሆኗል፤ ማዳበሪያ የሚሰጠው ሠራተኛም በትክክል ያማርራል። የታችኞቹ ረድፎች ከሙከራው ወጥተው ጫማና መሣሪያ ሳይታጠብ ወደ ላይ የማይወጣባቸው ሆነው፣ የጉብታ ተከላና የጉዝጓዝ ዓይነቶች የሚነጻጸሩባቸው ቦታ ሆነዋል።